ሊጥ ሳንባ የለውም፦ «50 የባዮሎጂ ቃላት፣ ሸምድዱና እለፉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ከያዝኩ ይበቃኛል አይደል?» አለችኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ስለሆነኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሌም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ «50 የባዮሎጂ ቃላት፣ ሸምድዱና እለፉ» ይላል። የተዘጋጀው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር ፍቺ አለው። መግቢያው ላይ ጸሐፊው ሦስት ነገር ይላሉ። ባዮሎጂ የቃላት ትምህርት ነው። ፍቺውን በቃሉ የያዘ ያልፋል። አማርኛ ደግሞ ለሳይንስ ስለማይሆን በአማርኛ ማሰቡን ተዉት።

ሦስቱንም አልቀበልም። ጸሐፊውን ግን በክፉ ዓይን አላያቸውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወላጁም ተማሪውም አቋራጭ ፍለጋ ላይ ነው። አንድ ሰው ጊዜውን ሰውቶ 50 ቃል መልቀሙ በራሱ ደግ ሥራ ነው። ችግሩ ከ50ው ውስጥ ደርዘን ያህሉ ስህተት መሆኑ ነው። ስህተቶቹ ደግሞ ፈታኞች ወጥመድ የሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ናቸው። ሁሉንም አላነሳም፤ የሚጎዱትን ብቻ ላንሳ።

በመጀመሪያው እንጀምር። «ሪስፓይሬሽን፦ አየር ማስገባትና ማስወጣት፤ መተንፈስ» ይላል ጽሑፉ።

እዚህ ላይ አማርኛችንም ትንሽ እንዳሳሳታቸው አልክድም። በልጅነታችን «ሥርዓተ ትንፈሳ» ተብለን የተማርነው አፍንጫን፣ የአየር ቧንቧንና ሳንባን ነው። ተማሪው ያንን ይዞ 9ኛ ክፍል ይገባል። ከዚያ «ሴሉላር ሪስፓይሬሽን» ሲባል ሴል እንዴት አድርጎ እንደሚተነፍስ ግራ ይገባዋል። መልሱ ቀላል ነው። እሳቱን እፍ ማለት ሌላ፣ እንጨቱ መንደዱ ሌላ። መተንፈስ እፍታው ነው። ሪስፓይሬሽን መንደዱ ነው። ሴሉ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር ደረጃ በደረጃ ይሰብራል፤ ውስጡ ያለውን ጉልበት ያወጣል፤ ጉልበቱን ኤቲፒ በሚባል ሞለኪውል ይይዘዋል። ኦክስጅን ካለ ሥራው ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሴሉ ክፍል ውስጥ ይጠናቀቃል። የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ወደ ወጥ ቤት ነው የላኳት። እህቴ ሊጥ አቡክታ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። «ክዳኑን ክፈቺና ጆሮሽን አስጠጊ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን አስጠጋች። ትናንሽ አረፋዎች ሲፈነዱ ድምፃቸው ይሰማል። ከሊጡ አንድ ሁለት ጭልፋ ቀድተን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ አደረግነው። አፉ ላይ ፊኛ አሰርንና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥነው። በማግሥቱ ጠዋት ፎቶ ላከችልኝ። ተልፈስፍሶ የነበረው ፊኛ ቀና ብሎ ቆሟል። ሥሩ ላይ የጻፈችው «ጋሼ ሊጡ ተነፈሰ!!!» የሚል ነው።

ሊጥ ሳንባ የለውም። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን የጤፉን ስኳር እየሰበሩ ጉልበት ያወጣሉ። ሲያወጡም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው ለዚህ ነው። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ጋዙና እንፋሎቱ ቀዳዳ አበጅተው ያመልጣሉ፤ «እንጀራው ዓይን አወጣ» የምንለው ያንን ነው። ጠጅ ጥሎ ጄሪካኑን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ ሰው ጄሪካኑ ሲነፋፋ ያየውም ይኸንኑ ነው። ኦክስጅን በሌለበት እርሾው ግሉኮስን እስከ መጨረሻው አይሰብረውም። ስለዚህ የሚያገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ትርፉም አልኮል ነው። እንግዲህ ፈተናው ላይ «ከሚከተሉት ሪስፓይሬሽን የማያካሂደው የትኛው ነው?» ተብሎ እርሾ፣ ድንች፣ አሜባና ድንጋይ ቢቀርብ፣ «መተንፈስ» ብሎ የሸመደደ ልጅ ምን ሊመልስ ነው?

በዚሁ ላይ «ዕፅዋት ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ሌሊት ሪስፓይሬሽን ያካሂዳሉ» የሚል አለ። ሁለተኛው ግማሽ ስህተት ነው። ዕፅዋት 24 ሰዓት ሙሉ ሪስፓይሬሽን ያካሂዳሉ። ቀን ላይ ፎቶሲንተሲሱ፣ በብርሃን ምግብ መሥራቱ፣ ስለሚበልጥ አይታይም እንጂ አያቆምም። መኝታ ቤት ውስጥ ያለች አበባ ኦክስጅን ትጨርስብናለች ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ አጠገቡ የሚያንኮራፋው ወንድሙ ከእሷ በብዙ እጥፍ እንደሚወስድበት ይወቅ።

ሁለተኛው ኦስሞሲስ ነው። «ውሃ ከበዛበት ወደ አነሰበት መሄድ፤ ምሳሌ የተዘፈዘፈ ባቄላ» ተብሏል። በዚህ ፍቺ ከሄድን ከጣሪያ ታንከር ወደ ቧንቧ የሚወርደው ውሃም ኦስሞሲስ ሊሆን ነው። ከፍቺው የወደቀው ዋናው ነገር ሽፋኑ ነው። አንዱን የሚያሳልፍ፣ ሌላውን የሚከለክል ስስ ሽፋን መሃል ላይ ከሌለ ኦስሞሲስ የለም። ውሃው የሚሄደውም የተሟሟ ነገር ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን ነው።

ምሳሌውም ጥሩ አይደለም። ደረቅ ባቄላ ሲዘፈዘፍ መጀመሪያ የሚያብጠው በውስጡ ያለው ስታርችና ፕሮቲን ውሃ ስለሚመጥ ነው፤ ስፖንጅ እንደሚመጠው። የሞተ፣ ከቶም የማይበቅል ባቄላም እኮ ያብጣል። ይህ ኢምቢቢሽን ይባላል። ጎበዝ ፈታኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጠይቃል።

የተሻለ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ድንች አለላችሁ። እኩል አድርጋችሁ ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ክተቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ ለማጠፍ ሞክሩ። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ቀጭ ይላል። ሁለተኛው እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ጨዋማው ውሃ ከድንቹ ሴሎች ውሃ ስቦባቸዋል። የቲማቲም ሰላጣ ጨው ነክቶት ትንሽ ሲቆይ ሳህኑ ሥር ውሃ የሚያቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክሊኒክ ውስጥ በክንድ የሚሰጠው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ ያልሆነውም ለዚህ ነው። 0.9 በመቶ ጨው ያለው «ኖርማል ሳላይን» የሚሰጠው ቀይ የደም ሴሎች እንዳያብጡ ነው። ንጹሕ ውሃ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ሴሎቹ ውሃ እየሳቡ ይፈነዱ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ። «አርተሪ፦ ንጹሕ ደም የሚሸከም፤ ቬይን፦ ቆሻሻ ደም የሚሸከም» ይላል። ቆሻሻ ደም የሚባል ነገር የለም። ኦክስጅን የበዛበትና ያነሰበት ደም ነው ያለው። ይሁን ብለን ብንቀበለው እንኳ ፍቺው ሳንባ ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ የሚሸከመው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው። ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሰው ቬይን ደግሞ ኦክስጅን የጠገበውን። ፈታኞች ይቺን ጥያቄ ይወዷታል።

«አማርኛ ለሳይንስ አይሆንም» ላሉት ጸሐፊም መልሱ እዚሁ ነው። አርተሪ በአማርኛ ደም ቅዳ ነው። ቬይን ደም መልስ ነው። ቃሎቹን ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። አንዱ ደሙን ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፤ ሌላው ወደ ልብ ይመልሳል። ስለ ንጽሕና ምንም አላሉም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የተናገሩት። ትክክለኛው ፍቺ ደግሞ አቅጣጫው ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ የያዘ ተማሪ ፍቺውን ለብቻው መሸምደድ አለበት። ደም ቅዳ ያለ ልጅ ግን ፍቺውን ቃሉ ውስጥ ያገኘዋል።

ፎቶሲንተሲስም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው ሥረ ቃል መማር ይጠቅማል ያሉት ልክ ነው፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «ፎቶ» በግሪክ ብርሃን ነው፤ «ሲንተሲስ» ማጣመር ነው። ታዲያ ብርሃን አስተፃምሮ ይኸው አይደል? በግእዝ ፀመረ ማለት አጣመረ፣ አያያዘ ማለት ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የግሪክ ቃል እንዲሸመደድ እየመከሩ የራሳችንን መጣል ምን ይባላል?

አማርኛው ሁሌም ይረዳል ማለቴ አይደለም። ሕዋስ ለምሳሌ ያስቸግራል። ሴልም ሕዋስ ነው፤ ዓይንና ጆሮም የስሜት ሕዋሳት ናቸው። አንድ ተማሪዬ «ሰው አምስት ሴል አለው» ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። ጂን ስንል ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ጸበል የሚያስኬደው ጂን ትዝ ብሏቸው ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሴልና ጂን ብለን ብንቀጥል ምንም አይደለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ቃል ማወቅ ግዴታ ነው። አሁን የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን «የት? ምን ይገባል? ምን ይወጣል?» የሚል አለ። መልሱን የምትጽፈው በፈለገችው ቋንቋ ነው።

«ኤክስክሪሽን፦ ሽንትና ዓይነ ምድር ማስወጣት» የሚለውስ? ሽንቱ ልክ ነው። ዓይነ ምድር ግን በአብዛኛው ያልተፈጨ የምግብ ቅሪት፣ ባክቴሪያና ውሃ ነው። ቅሪቱ ከአፍ እስከ መጨረሻው በቱቦ አለፈ እንጂ ሴሎቻችን ውስጥ አልገባም። እሱን ማስወጣት ኢጀስሽን ነው። ኤክስክሪሽን ሴሎች ሲሠሩ ያመረቱትን ቆሻሻ ማስወገድ ነው። ለምሳሌ በሳንባ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በኩላሊት የሚወጣው ዩሪያ።

ዩሪያ ሲባል የገበሬ ልጅ ጆሮው ይቆማል። አዎ፣ ራሱ ነው! በከረጢት የሚመጣው ነጭ ማዳበሪያና ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ አንድ ሞለኪውል ናቸው። ሰውነታችን ከፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን ጉበት ውስጥ ዩሪያ ያደርገዋል፤ ኩላሊት አጣርቶ ያወጣዋል። ፋብሪካው ደግሞ ያንኑ ለማሳ ያመርታል። ከክብደቱ 46 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው።

ይህ ወደ ሌላው ስህተት ይወስደናል። «ሥር፦ ተክሉ ምግቡን ከአፈር የሚበላበት ክፍል» ተብሏል። ማዳበሪያን «የተክል ምግብ» ማለት ስለለመድን ማንም ይሳሳታል። ቫን ሄልሞንት የሚባል የቤልጂየም ሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአኻያ ችግኝ በገንቦ ተከለ። አፈሩን አስቀድሞ አድርቆ መዝኖታል፤ 90 ኪሎ ገደማ ነበር። ለአምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 74 ኪሎ ጨመረ። አፈሩን ዳግም አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ሁለት እንቁላል የማያክል ነገር! ሰውየው «እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው» አለ። ግማሹን አግኝቷል። ሌላውን ግማሽ፣ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አላሰበበትም። ባሕር ዛፍ ግንዱ በአብዛኛው ከአየርና ከውሃ የተሠራ ነው። ከአፈር የሚያገኘው ማዕድን ጥቂት ነው፤ ያለ እሱ ግን አይሆንለትም። ምግቡን የሚሠራው ራሱ ነው።

የሚከተሉትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ቫይረስ «ትንሹ ባለ አንድ ሴል ፍጥረት» አይደለም፤ ሴል የለውም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ፣ ማለትም ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ነው። ባክቴሪያን የሚገድል አንቲባዮቲክ ቫይረስ ለሚያመጣው ጉንፋን የማይሠራውም ለዚህ ነው። ሮበርት ሁክ በ1665 እኤአ ያየው «ሕይወት ያለው ሴል» አይደለም። የቡሽ ቁራጭ ላይ የቀረ ባዶ ግድግዳ ነው። ሕይወት ያላቸውን ነጠላ ፍጥረታት ያየው ከእሱ በኋላ ሊዌንሁክ ነው። ወባን «ቢምቢ የምታመጣው» ማለትም የተለመደ ስህተት ነው። በሽታ አምጪው ፕላስሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የአኖፊለስ ሴት ትንኝ አስተላላፊ ናት፤ ታክሲዋ እሷ፣ ተሳፋሪው ፕላስሞዲየም።

ዶሚናንት ላይ ግን ትንሽ ልቁም። «ጠንካራውና በብዙ ሰው ላይ የሚገኘው ጂን» ተብሏል። ዶሚናንት ማለት ከሌላው ጋር ሲጣመር የሚታየው ማለት ብቻ ነው። ስንት ሰው ይዞታል ከሚለው ጋር ግንኙነት የለውም። ስድስተኛ ጣት ይዞ መወለድ ብዙውን ጊዜ በዶሚናንት መንገድ ነው የሚወረሰው። ታዲያ ከክፍላችሁ ስንቱ ስድስት ጣት አለው? ኦ የደም ዓይነት ደግሞ ሪሴሲቭ ነው፤ ከዶሚናንት ጋር ሲጣመር አይታይም፤ ሆኖም በብዙ አገሮች ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው። የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል አተሮቹን ሲያዳቅል በሁለተኛው ትውልድ 705 ወይን ጠጅ፣ 224 ነጭ አበባ ቆጥሯል። ሦስት ለአንድ ገደማ ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ሁለቱም ወላጆች ከሁለቱ ጂኖች አንድ አንድ ሲይዙ ነው። ለአገሩ ሕዝብ በሙሉ አይሠራም።

«የክሮሞሶም ቁጥር፦ በበዛ ቁጥር ፍጥረቱ የረቀቀ ይሆናል» የሚለውን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ክሮሞሶም ጂኖችን የሚይዝ የሴል ውስጥ ክር ነው። ሰው 46 አለው። ስኒው ውስጥ ያለችው ቡና 44። ጤፍ 40። ድንች 48! ቅድም ጨው ውሃ ውስጥ የነከርነው ድንች በሁለት ይበልጠናል።

ኢቮሉሽን «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚል ግምት» ተብሏል። ስለ እምነት ክርክሩ ዛሬ አልገባም፤ ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉን ነው። ቃሉ የሚለው በአንድ የፍጥረታት ስብስብ ውስጥ የሚወረሱ ባሕርያት በትውልዶች መሃል መለወጣቸውን ነው። ዛሬ ያሉት ዝንጀሮዎች አያቶቻችን ናቸው አይልም። የሩቅ የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው የሚለው። በ1974 እኤአ አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽም የዛሬ ዝንጀሮ አይደለችም፤ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ የምትሄድ ነበረች። አማርኛው «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ዝግታውን ስለሚያጎላ፣ ተማሪው ሁሌም ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅ ይመስለዋል። ክሎሮኪን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ትልልቆቹን ጠይቋቸው። ድሮ ፍቱን ነበር። ክሎሮኪን የማይገድላቸው ጥቂት የፋልሲፓረም (የፕላስሞዲየም አንዱ ዓይነት) ጥገኛዎች ተረፉ፤ ተባዙ፤ ሌሎቹን ተኩ። አገራችን ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን ትታ መጀመሪያ ወደ ሌላ መድኃኒት፣ በ2004 እኤአ ደግሞ ወደ ኮአርተም የዞረችው ጥገኛው ስለተለወጠ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው «ሳይንሳዊ ስም፦ የላቲን ስም፤ ለፈተና አያስፈልግም» የሚለው ነው። ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ የምንለውን የባሌና የስሜን እንስሳ ተመልከቱት። ስሙን የሰማ ሁሉ ቀበሮ ይለዋል፤ ፈረንጆቹም ድሮ እንዲሁ ይሉት ነበር። ካኒስ ሲሜንሲስ ስትሉት ግን ነገሩ ይለወጣል። ካኒስ የውሻና የተኩላ ወገን ነው፤ ሲሜንሲስ የስሜን ተራሮች። ሁለት ቃል ዘመዱንም አገሩንም ነገረችን። አገሩን ግን ሁሌም አትመኑት፤ የሳይንሳዊ ስም አሰጣጡን ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ በ1753 እኤአ የእኛን ቡና ኮፊያ አራቢካ ብሎ ለዓረቦች ሰጥቶብናል።

ጸሐፊው ክፍል ሁለት እንደሚከተል ጽፈዋል፤ ርዕሱም ሥነ ምህዳር ነው አሉ። ደስ ይለኛል፤ የእህቴ ልጅም እየጠበቀች ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን፤ ቀይ ቀበሮን ካነሱ እባክዎ ቀበሮ ነው ብለው እንዳይጀምሩ።